የሚያቃጥለውን ስለ መውደድ

ፍጥረት ሁሉ ከእሳት ይሸሻል። አንበሳው በዱር፣ እባቡ በጉድጓዱ፣ ጉንዳኑም በመንገዱ ሳለ ነበልባል በታየ ጊዜ መሸሻውን መምህር ሳያስተምረው ያውቃል፤ ሕፃንም ቢሆን ፍም አንድ ጊዜ ከነካ በኋላ ሁለተኛ እጁን አይዘረጋም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ግን ወደ ቤቱ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ማዕዱ ተባርኮለት ከተቀመጠ በኋላ፣ አፉን የሚያነደውን ነገር በጣባ አስቀርቦ ዐይኑ እያለቀሰ ይመገበዋል፤ ጥቂት የበረደ እንደ ሆነም «ዛሬስ ሚጥሚጣው ምን ነካው?» ብሎ ያቀረበችለትን ይወቅሳል። ከሕማም መሸሽ የሥጋ ሁሉ ሕግ ከሆነ፣ በፈቃድ የሚገባበት ይህ ትንሽ ሕማም ከወዴት መጣ? ተድላ ከሆነ ስለ ምን ያስለቅሳል? ሕማም ከሆነስ ስለ ምን ይናፈቃል?

ጥያቄው ከወጥ ቤት የማያልፍ የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የቀደሙት አባቶችም ስለዚህ ነገር የጻፉት የለም፤ ዳሩ ግን ዝም ያሉት ነገሩን ንቀው ሳይሆን ፍሬውን ስላላዩት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ጨውን፣ ሰናፍጭን፣ መራራውን ቅጠልና ሐሞት የተቀላቀለበትን መጠጥ ያነሣል እንጂ በርበሬን አያነሣም፤ በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የምንላቸው ሁሉ የአንድ ወገን ተክሎች ሲሆኑ፣ ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደ ምዕራብ ተሻግሮ እስኪመለስ ድረስ መኖሪያቸው የአሜሪካ ምድር ብቻ ነበረና። ስለዚህ ከግብፅ በረሃ መነኮሳት መካከል አንዱም በርበሬ አልቀመሰም፤ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ሲደርስ፣ ንጉሥ ላሊበላም አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያንጽ የቀረበላቸው ወጥ፣ ዛሬ እኛ ቀይ ወጥ የምንለው አልነበረም። ያለ እርሱ አገራችን አገር የማትሆን የሚመስለን ይህ ቅመም፣ ዕድሜው ሲቈጠር ከብዙ ገዳሞቻችን ያነሰ እንግዳ ነው።

የነገሩን ባሕርይ ለማየት የሚሻ ሰው፣ ጾም በተፈታ ማግሥት ከአንዱ ሥጋ ቤት ገብቶ ጥሬ ሥጋ ከሚቈርጡ ጎልማሶች አጠገብ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ብርንዶው ቀርቧል፤ በአንድ በኩል ደረቁ ሚጥሚጣ፣ በሌላው በኩል ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተሰናዳው በርበሬ በጠጅ ወይም በአረቄ ተለውሶ አዋዜ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከመካከላቸው የደቡብ ሰው ካለ ዳጣም አይቀርም። ጎልማሳው ከሥጋው ጉርሻ የሚያህል ቈርጦ አዋዜው ውስጥ ይነክራል፤ ጫፉንም ሚጥሚጣውን ነካ አድርጎ ይጎርሳል። በመጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ በጥርሱ መካከል አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ አፍንጫው ይፈስሳል፤ ጆሮው ሳይቀር ይግላል፤ ስቅታ የሚይዘውም አለ። በዚህ መካከል ሳለ ባልንጀራው «እንዴት ነው?» ቢለው፣ ለመናገር አንደበቱ እሺ አይለውምና ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ሁለተኛውን ቍራጭ ያነሣል። ልብ ብሎ ለሚመለከት፣ ሁለተኛው አነካከር ከፊተኛው ይጠልቃል።

የዘመናችን የተፈጥሮ ሊቃውንት የዚህን ቃጠሎ ምሥጢር ከብዙ ድካም በኋላ ገልጠውታል። በበርበሬ ፍሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህ ንጥረ ነገር በነርቭ ላይ የሚከፍተውን በር አገኘ፤ በ2021ም ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሩ የተሠራው ግን ለበርበሬ አይደለም፤ ሙቀት 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ተከፍቶ የመቃጠልን ወሬ ወደ አንጎል እንዲልክ ነው። ካፕሳይሲን ይህን በር ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። እንግዲህ ጎልማሳው ሲያልበውና ሲያነባ ምላሱ ላይ አንዲት ብልጭታ ስንኳ የለችም፤ ምላስ ያልነደደውን «ነደደ» ብሎ፣ መዋሸቱን ሳያውቅ፣ በቅንነት በሐሰት ይመሰክራል፤ ሰውነትም ምስክሩን አምኖ ላቡን ያወርዳል፣ ልቡን ያስመታል፣ እንባውን ያፈስሳል። ለአእዋፍ ይህ በር በካፕሳይሲን አይከፈትምና ወፎች ፍሬውን ያለ ጭንቅ ለቅመው ዘሩን ሳያደቅቁት ሩቅ አድርሰው ይጥሉታል፤ ዘሩን በመንጋጋቸው የሚፈጩት አጥቢ እንስሳት ግን ገና ሲቀምሱት ይመለሳሉ። ቃጠሎው ለእኛ ወገን «አትብሉ» ተብሎ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ይቻላል። ለሰባኪ ከዚህ ላይ ስለ ተከለከለው ፍሬ ማንሣት እጅግ ይቀለዋል፤ እኔ ግን አልፈዋለሁ፤ ሔዋን የበላችው ለዐይን የሚያስጐመጀውን እንጂ ዐይን የሚያስለቅሰውን አልነበረምና።

በአገራችን አጥፍቶ የተገኘ ልጅ በርበሬ ይታጠን ነበር፤ ይኸውም ፍም ላይ በርበሬ ተነስንሶ፣ የልጁ ራስ በጋቢ ይሸፈንና ጢሱን እየማገ እስኪጮኽ ድረስ ተይዞ ይቈያል። ከስፔን ወረራ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት በሜክሲኮ በተዘጋጀው፣ ዛሬም በኦክስፎርድ በሚገኘው ኮዴክስ ሜንዶሳ በተባለው የሥዕል መጽሐፍ፣ አንድ አባት የ11 ዓመት ልጁን በበርበሬ ጢስ ላይ ይዞት፣ ልጁም ሲያለቅስ ይታያል። ሁለቱ ሕዝቦች አልተገናኙም፤ ቅጣቱን ፍሬው ራሱ ያስተማራቸው ይመስላል። ያው በርበሬ ቀን በጢስ የቀጣውን ልጅ ማታ በወጥ ያስደስተዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «በሌላ እጅ የመጣ ሕማም ቅጣት ነው፣ በገዛ እጅ የመጣ ግን ደስታ ነው፤ ልዩነቱ ፈቃድ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይወዳል።

እኔ ግን በዚህ መልስ አልረካም። ፈቃድ ብቻውን ሕማምን የሚያጣፍጥ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል በገዛ ፈቃዱ በርበሬ እየታጠነ የሚደሰት አንድ ሰው በተገኘ ነበር። ዐይንና አፍንጫ በርበሬን የቱን ያህል ቢለማመዱት አይወዱትም፤ የማረቆን ወይም የቡሬን ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰችና እየሸከሸከች ልጆቿን ያሳደገች እናት፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ዛሬም በሙቀጫው ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን ታነጥሳለች። ቃጠሎውን የሚወደው አፍ ብቻ ነው። አፍ ደግሞ ከሕዋሳት ሁሉ የተለየ ሥልጣን አለው፤ ዐይን ያየውን፣ ጆሮም የሰማውን ሥጋው አያደርገውም፤ አፍ ግን በውጭ የነበረውን ተቀብሎ ከአካሉ ይቈጥረዋል። ይህን እሳት የጎረሰ ሰው የራሱ አድርጎታል። ከጎረሰ በኋላም መመለስ የለምና፣ የመጀመር ሥልጣን የእርሱ የነበረውን ያህል የመጨረስ ሥልጣን የእርሱ አይደለም፤ ነጻ ፈቃዱ እስከ ደጃፉ ሸኝቶት ይቀራል። በርበሬ በላተኛ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው፤ የሰጠው ግን እንደማይገድለው ለሚያውቀው ነገር ነው።

አፍላጦን ፌዶን በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ሶቅራጥስ በሚሞትበት ቀን እግር ብረቱ ሲፈታለት እግሩን እያሻሸ፣ ደስታና ሕማም እንዴት ተያይዘው እንደሚኖሩ፣ አንዱንም የያዘ ሰው ሌላው እንደሚከተለው ለወዳጆቹ አወሳ። ይህ ስለ ብዙ ነገር እውነት ነው፤ ስለ በርበሬ ግን ግማሽ እውነት ነው። ደስታው ከቃጠሎው ማለቅ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ በላተኛው ማለቁን በጠበቀ፣ ማብረጃም በፈለገ ነበር። ማብረጃውም በእጁ ነው፤ ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟምና ውሃ ከንቱ ሲሆን፣ ወተትና አይብ ግን ያበርዳሉ። ነገር ግን ክትፎ በላተኛ ከጎኑ ካለው አይብ የሚቀምሰው እሳቱን አጥፍቶ ለመነሣት ሳይሆን፣ አፉን ጥቂት አሳርፎ ወደ ሚጥሚጣው ለመመለስ ነው። አውግስጢኖስም በኑዛዜው መጽሐፍ የወጣትነቱን ነገር ሲያወሳ፣ ሰው በቴአትር ቤት ተቀምጦ በመከራ ታሪክ ማልቀስን ስለ ምን እንደሚወድ ጠይቋል። ጥያቄው ከእኛው ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን በቴአትር መከራው የሌላ ሰው ነው፣ እንባው ብቻ የተመልካቹ ነው፤ በማዕዳችን ግን መከራ ተቀባዩና ተመልካቹ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና ያስተማረው ፖል ሮዚን ይህን ጉዳይ ለብዙ ዘመን መርምሮ፣ ሰው የሚደሰተው ሥጋው «አደጋ መጣ» ብሎ ሲጮኽ ልቡናው አደጋ አለመኖሩን ስለሚያውቅ ነው ይላል፤ ስሙንም ጉዳት የሌለበት ሕማም ወዳድነት ብሎታል። የአፍላጦን ደቀ መዛሙርት ይህን ቢሰሙ ደስ ባላቸው ነበር፤ ነፍስ በሰገነት ተቀምጣ፣ ከበታቿ የሚጮኸውን የሥጋን ሞኝነት እያየች ስትሥቅ ይታያቸዋልና። ከሥጋ ቤቱ ያለው ጎልማሳ ግን እንዲህ ተከፍሎ አይታየኝም። ሁለተኛውን ቍራጭ የሚለምነው ከሰገነት ላይ ያለ ሌላ ማንም ሳይሆን ያ የተቃጠለው አፍ ራሱ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ የቃልን ሥጋዌ ሲያስረዳ የነፍስንና የሥጋን ተዋሕዶ በምሳሌነት እንዳቀረበ፣ ሰው ከነፍስና ከሥጋ ቢሆንም አንድ እንጂ ሁለት እንደማይባል የሃይማኖተ አበው አንባብያን ያውቃሉ። ያንን ታላቅ ምሥጢር ወደ ወጥ ቤት ማውረድ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ሆኖም ምሳሌው ስለ ሰው ባሕርይ የሚለው ነገር በወጥ ቤትም የጸና ነው። ልቡና «እሳት የለም» ብሎ ቢፈርድም ምላስ ምስክርነቱን አያነሣም፤ ዳኛውም ምስክሩን ከችሎት አያስወጣውም፤ ሁለቱ ሳይለያዩም ሳይደባለቁም በአንድ ሰው ጸንተው ይቈያሉ፤ ደስታ የሚባለውም ይህ አብሮ መጽናታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። እንስሳ ምስክሩን ብቻ ይሰማልና ይሸሻል፤ መልአክ ምላስ የለውምና አይፈተንም፤ በርበሬ የተሰጠው ለሰው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ በርበሬ መብላት ተጋድሎ ነው» የሚል ቢመጣ ግን እከራከረዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በአጽዋማት ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቍላሉን ስትከለክል በርበሬን አልከለከለችም፤ በዐቢይ ጾም የቅቤውን ጉድለት በበርበሬ እየካስን ሽሮውን እናቀላዋለን፤ ይህን በማድረጋችንም ጾማችን የከበደ ሳይሆን የቀለለ ይመስለኛል። የጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች ሲጾሙ የሚተዉት ጨውንና በርበሬን ነበር። ፍሬውን ከሕዝብ ሁሉ አስቀድመው ያወቁት ሰዎች ከተድላ ቈጥረውት፣ ለአማልክቶቻቸው ሲሉ የሚለዩት ነገር አድርገውት ነበርና፣ በዚህ ጉዳይ ከእነርሱ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። መናኝ የሚጣፍጠውን ይተዋል፤ በዋልድባ ገዳም መነኮሳቱ እህልን ትተው በቋርፍ ይኖራሉ፤ ቋርፍ ደግሞ ማንንም አያስለቅስም፣ በላተኛውንም በሰው ፊት ጀግና አያሰኝም። በሕማማት ሳምንት ጕልበቱ እስኪዝል የሚሰግድ ምእመንም ድካሙን ለሌላ ያቀርበዋል፤ አዋዜ የሚነክር ሰው ግን ቃጠሎውን የሚያቀርበው ለራሱ ነው። ይህን ስል በርበሬን መንቀፌ አይደለም፤ ተድላን በገድል ስም መጥራት ተድላውንም ገድሉንም ማራከስ ስለሚሆንብኝ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በየቤቱ ስላለው ሚጥሚጣ ነው፤ ዛሬ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው እጅግ የሚያቃጥል ሶስ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ኤድመንድ ማኪልሄኒ እ.ኤ.አ. በ1868 በሉዊዚያና በኤቨሪ ደሴት የጀመረው ታባስኮ፣ የተፈጨ በርበሬ ከጨው ጋር በኦክ በርሜል እስከ ሦስት ዓመት ተቀምጦ፣ በኋላም ኮምጣጤ ተጨምሮበት የሚሠራ የትዕግሥት ሥራ ነው። በ1912 ደግሞ ዊልበር ስኮቪል የተባለው የዲትሮይት የመድኃኒት ቀማሚ፣ የበርበሬን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠነ፣ አምስት ቀማሾች ቃጠሎው ጠፋ እስኪሉ ድረስ በማስቀመስ የቃጠሎን መለኪያ አወጣ። ስኮቪል ለመድኃኒት ሲል የሠራው ልክ ከጊዜ በኋላ የእሽቅድምድም ሜዳ ሆነ። ታባስኮ በዚህ መለኪያ ከ5,000 የማያልፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ቡት ጆሎኪያ የተባለው የሕንድ በርበሬ 1,000,000ን አለፈ፤ ኤድ ከሪ የተባለው የደቡብ ካሮላይና ገበሬ ያዳቀለው ካሮላይና ሪፐር በ2013 ከ1,500,000 በላይ፣ የዚሁ ሰው ፔፐር ኤክስም በ2023 በአማካይ 2,693,000 ተመዘገበለት። ከዚያ በፊት በርበሬ በመቻል የሚኰራ ሰው ቢኖር ኵራቱ ከመንደሩ አያልፍም ነበር፤ ቍጥር በመጣ ጊዜ ግን ኵራት በዓለም ገበያ የሚወዳደርበትን ሚዛን አገኘ። የጠርሙሶቹ ምልክት የራስ ቅል፣ ስማቸውም ከሞትና ከገሃነም የተወሰደ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ መነኩሴውን የሚዋጉትን ክፉ አሳቦች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር፣ ሆዳምነትን ከመጀመሪያው፣ ውዳሴ ከንቱን ከመጨረሻዎቹ ጽፏቸዋል። በጠብታ የሚለካ ሶስ ሆድ አይሞላምና ሆዳምነት ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ሰይጣኑን የምፈልገው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። በዚህ እሽቅድምድም ያ ያመሰገንሁት የነፍስና የሥጋ አብሮ መጽናት ይፈርሳል፤ ሥጋ በሕዝብ ፊት የሚደበደብ አህያ ይሆናል፣ ነፍስም ጅራፉን ይዛ ጭብጨባ ትቀበላለች።

ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ሶሶች አንድ መልካም ነገር ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ አድላዊ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር የቀመሰ ሰው ለጥቂት ጊዜ ያህል ዕዳውን፣ ቂሙን፣ የነገውንም አሳብ መያዝ አይችልም። የተበተነው አሳብ ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት የምላስ ጫፍ ላይ ይቆማል። ገዳማውያን በአርምሞና በብዙ ዓመት ጸሎት የሚፈልጉት የልቡና መሰብሰብ በአንዲት ጠብታ የተገኘ ይመስላል፤ በዘመናችን አሳቡ በየአቅጣጫው የሚጎተት ሰው ይህን ዕረፍት ሽቶ ወደ ጠርሙሱ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። መነኩሴው አሳቡን የሚሰበስበው የሚያቀርብበት ስላለው ነው፤ በጠብታ የተሰበሰበ ልቡና ግን ደርሶ የሚያገኘው ያንኑ ምላሱን ነው፤ ቃጠሎው ሲበርድም ዕዳውና ቂሙ በነበሩበት ቦታ ይጠብቁታል።

በኦአሃካ ደጋማ አገር ባለች አንዲት የሜክሲኮ መንደር ሮዚንና ባልደረባው እንደ ተመለከቱት፣ የቤቱን ትርፍራፊ ከነበርበሬው የሚበሉት ውሾችና ዐሣማዎች ዕድሜ ልካቸውን ቢቀምሱትም በርበሬ የሌለበትን ትተው ያለበትን አልመረጡም፤ ሕፃናቱ ግን ማንም ሳያስገድዳቸውና ሽልማት ሳይሰጣቸው ከጥቂት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይወዱታል። በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። እናት ለሕፃኑ አልጫውን ለይታ ታቀርብለታለች፣ እርሱ ግን አንድ ቀን እጁን ወደ ታላላቆቹ ቀይ ወጥ ይሰድዳል፤ ያለቅሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ምላሱ ገና አልወደደውም፤ ልጁ የሚሻው የቤቱ ሰው የሚወደውን መውደድን ነው። ስለዚህ መውደድን መፈለጉ ከመውደዱ ቀድሟል፤ ፈቃድ ጣዕምን እንደሚከተል የሚያስተምሩ ሰዎች ለዚህ ሕፃን መልስ ሊያዘጋጁለት ይገባል።

ይህ ከሌላው ጋር የመካፈል መሻት በመንደር ብቻ የሚታይ አይደለም። ሆት ዋንስ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በተጀመረው ትዕይንት፣ ሾን ኢቫንስ ታዋቂ ሰዎችን አስቀምጦ፣ ቃጠሎው ከአንዱ ወደ ሌላው እየበረታ የሚሄድ ሶስ የተቀባ አሥር የዶሮ ክንፍ እያቀረበላቸው ይጠይቃቸዋል። ስለ ውዳሴ ከንቱ የተናገርሁት ሁሉ እዚያ አለ፤ የእንግዳው እንባ ይታያል፣ ሕዝብም ይሥቅበታል። ነገር ግን እንግዳው ክንፉን ባነሣ ቍጥር ጠያቂውም የራሱን ክንፍ ከዚያው ሶስ አንሥቶ ይበላል፤ ግንባሩም እንደ እንግዳው ያልበዋል። እርሱ ሳይበላ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ በርበሬ እንደ መታጠን በሆነ ነበር።